የማኅበሩ መዝገብ በማን ስም ተከፍቷል?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 2012 በካልጋሪ መሀል ከተማ በሚገኘው የሾው ኮርት ሕንፃ 13ኛ ፎቅ ላይ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ፈንድቶ እሳት ተነሣ። ከእሳቱ ይልቅ የጎዳው ውኃው ነበር፤ ከጣሪያ የወረደው የእሳት ማጥፊያ ውኃ መጠባበቂያ ተብሎ የተዘጋጀውን የኃይል መስመር ጭምር ከጥቅም ውጭ አደረገው። በሕንፃው ውስጥ የአይቢኤም የመረጃ ማዕከል ነበረ። በማዕከሉ ደግሞ የአልበርታ መንግሥት የተሽከርካሪና የንብረት ምዝገባ ሥርዓት፣ የክፍለ ግዛቱም የጤና አገልግሎት ኮምፒውተሮች ይሠሩ ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀዶ ሕክምናዎች ወደ ሌላ ቀን ተላለፉ፤ የመዝገብ ቤት ጉዳይ የነበረበት ሰው ለቀናት ደጅ ጠና፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የስልክ ደንበኞች በቤታቸው መስመር ወደ 911 መደወል አልቻሉም። የመጠባበቂያ ቅጂዎቹ ያሉባቸው ካሴቶች በአውሮፕላን ተጭነው ወደ ኦንታርዮ ሄዱ። ክፍለ ግዛቱ ብዙ ነገሩን በአንድ ጣሪያ ሥር አስቀምጦ እንደነበረ ያወቀው ጣሪያው ውኃ ሲያወርድ ነው።

ከ11 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023፣ አማዞን በካልጋሪ አካባቢ የክላውድ ማዕከሉን ከፈተ። በካናዳ ከሞንትሪያል ቀጥሎ ሁለተኛው ሲሆን፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሥራውን እንዲይዝ እርስ በርሳቸው በተራራቁ ሦስት ምድቦች የተደራጀ ነው። የሾው ኮርት ችግር በምህንድስና ረገድ መልስ አግኝቷል ማለት ይቻላል። ዛሬ በካልጋሪ አንድ ሰነድ በታዋቂ የክላውድ አገልግሎት ላይ ከተቀመጠ፣ በእሳት ወይም በጎርፍ ምክንያት የመጥፋቱ ዕድል በቢሮ መሳቢያ ውስጥ ካለ ወረቀት እጅግ ያነሰ ነው።

በካናዳ የፖሊሲ ክርክር ግን አሁንም በቦታ ላይ ያተኩራል፤ መረጃችን የት ነው ያለው? ጥያቄው ባዶ አይደለም። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የአሜሪካው የፓትሪዮት ሕግ ስላስፈራት እ.ኤ.አ. በ2004 የመንግሥት ተቋማት የሰዎችን የግል መረጃ ከካናዳ ውጭ እንዳያስቀምጡ በሕግ ከለከለች፤ በ2021 ደግሞ ክልከላውን አላላችው። በመካከሉ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2018፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ክላውድ አክት የተባለውን ሕግ አውጥቷል። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ሕጋዊ ትእዛዝ ከደረሰው መረጃው በየትኛውም አገር ቢቀመጥ በእጁ ያለውን ሊያስረክብ ይገደዳል። እ.ኤ.አ. በጁን 2025 የማይክሮሶፍት ፈረንሳይ ተወካይ በፈረንሳይ ሴኔት ፊት በመሐላ ቃላቸውን ሲሰጡ፣ የፈረንሳውያን መረጃ ያለ ፈረንሳይ ፈቃድ ለአሜሪካ ባለሥልጣናት እንደማይሰጥ ዋስትና መስጠት እንደማይችሉ ተናግረዋል። እንግዲህ ማሽኑ በካልጋሪ መቆሙ የካናዳን ሉዓላዊነት አያረጋግጥም፤ የሚያረጋግጠው ፋይሉ በፍጥነት መከፈቱን ነው።

ስለ ዳታ ሉዓላዊነት የሚጽፉና የሚከራከሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በካልጋሪም፣ በቶሮንቶም፣ በዋሽንግተንም ጥቂት አይደሉም። ስለ ኢትዮጵያው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሲነሣ፣ ቁጥጥሩ ራሱን ለቻለ ኮሚሽን ሳይሆን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን መሰጠቱን ይነቅፋሉ፤ ነቀፋቸውም ተገቢ ነው። እነዚሁ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት በሚሰበሰቡበት ዕድር፣ ማኅበረሰብ ወይም ሰበካ ጉባኤ ግን የአባላቱ ስምና ስልክ፣ የልጆች ዝርዝር፣ የቀብር ወጪ፣ የባንክ መግለጫና ቃለ ጉባኤ የተቀመጠው ከስምንት ዓመት በፊት ጸሐፊ የነበረ አንድ ሰው በግሉ በከፈተው አካውንት ውስጥ ነው። በማን ስም እንደተከፈተ፣ ማን ማን መግባት እንደሚችል፣ ሰውየው ከተማ ቢለቅ ወይም ቢያርፍ ምን እንደሚሆን የጠየቀ የለም። የቦታው ክርክር ብዙ ብልህ ሰዎችን ይዞ ሳለ የቁልፉ ክርክር ባለቤት አጥቷል።

ነገሩ እንዴት እንደሚጀመር ሁሉም ያውቀዋል። አዲስ የተመረጠ ጸሐፊ፣ አብዛኛውን ጊዜ ኮሚቴው ውስጥ ካሉት በዕድሜ ታናሹ፣ «አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ» ይባላል። እርሱም በበጎ ፈቃድ፣ ማታ ከሥራ ሲመለስ፣ በራሱ ጂሜይል አንድ ማኅደር ይከፍትና ሊንኩን በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ይልካል። ሊንኩን ያገኘ ሁሉ እንዲያነብ፣ አንዳንዴም እንዲያርም ይፈቅዳል፤ ምክንያቱም ለእያንዳንዱ ሽማግሌ ለየብቻ ፈቃድ መስጠት አድካሚ ነው። በዚያች ምሽት ሦስት ነገሮች ይወሰናሉ፤ ማንም ግን እንደ ውሳኔ አይቆጥራቸውም። ሰነዱ በሕግ ዓይን የግለሰቡ አካውንት ይዞታ ይሆናል፤ የአገልግሎት ውሉ በኩባንያውና በግለሰቡ መካከል እንጂ ከማኅበሩ ጋር አይደለምና። ሊንኩ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ማን እንዳነበበው የማይታወቅበት ደረጃ ላይ ይደርሳል። በመጨረሻም የማኅበሩ ትዝታ ዕድሜ ከአንድ የይለፍ ቃል ዕድሜ ጋር ይታሰራል። ጉግል ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያልተከፈተ የግል አካውንትን ከነሙሉ ይዘቱ ሊያጠፋ እንደሚችል አስታውቋል። ባለቤቱ አካውንቱን ከዘጋው ደግሞ ከሌሎች ጋር የተጋራው ፋይልም አብሮ ይሄዳል።

ይህ ግድየለሽነት ከባህል የመጣ አይደለም፤ እንዲያውም ከባህል መራቅ ነው። የአገር ቤት ዕድር ያለ ርክክብ ሹም አይለውጥም። ተሰናባቹ ገንዘብ ያዥ መዝገቡን፣ ደረሰኙን፣ ማኅተሙን፣ የድንኳኑንና የድስቱን ቁጥር ሳይቀር በዝርዝር ያስረክባል፤ ተረካቢው ይፈርማል፤ ዳኛው ያጸድቃል። በብዙ አጥቢያዎች ሙዳየ ምጽዋት የሚከፈተው የተለያዩ ቁልፍ ያዦች በተገኙበት ነው፤ ይህም ካህኑን ወይም ገንዘብ ያዡን ከመጠርጠር የመጣ ሥርዓት አይደለም፤ ሰውን ከሐሜት የሚጠብቅ ሥርዓት ነው። ጽዋ እንኳ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲዛወር ምስክር አለው። ይህን ሁሉ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሕዝብ ወደ ክላውድ ሲገባ ርክክቡን በር ላይ ጥሎ ገባ። የወረቀቱ መዝገብ ከነማኅተሙ በክብር ይረከባል፤ እውነተኛው መዝገብ የሚገኝበት አካውንት ግን «ፓስወርዱን በቴክስት እልክልሃለሁ» በሚል ቃል ያልፋል። ጭራሽ ሳያልፍም ይቀራል።

የካናዳ ሕግ ይህን ጉዳይ ከሁለት አቅጣጫ ይነካዋል፤ ከሦስተኛው አቅጣጫ ግን ሊነካው ሲገባ ይተወዋል። በበጎ አድራጎት የተመዘገበ ድርጅት የሒሳብ መዛግብቱን በካናዳ ውስጥ ባለ አድራሻ የመያዝ ግዴታ አለበት። የካናዳ ገቢዎች ኤጀንሲ መመሪያ እንደሚለው፣ ከካናዳ ውጭ ተቀምጦ ከካናዳ በኢንተርኔት የሚከፈት ሰነድ በካናዳ እንዳለ አይቆጠርም፤ የሚነበብ ቅጂ በአገር ውስጥ መገኘት አለበት። ዋናው የሒሳብ መዝገብ ለስድስት ዓመት፣ የለጋሾች ደረሰኝ ቅጂ ለሁለት ዓመት፣ የሥራ አመራሩ ቃለ ጉባኤ ደግሞ ድርጅቱ ተመዝግቦ እስካለ ድረስና ከተሰረዘም በኋላ ለሁለት ዓመት ይጠበቃል። ግዴታውን ያልተወጣ ድርጅት ደረሰኝ የመስጠት መብቱን፣ ሲብስም ምዝገባውን ሊያጣ ይችላል። በግል አካውንቱ ውስጥ ያለው ቃለ ጉባኤ ከቀድሞው ጸሐፊ ጋር ወደ ሌላ ከተማ ተሰዶ ከሆነ፣ ኦዲተሩ ሲመጣ «ይላክልናል» የሚል መልስ ብዙ ርቀት አይወስድም።

ሁለተኛው አቅጣጫ ፍርድ ቤት ነው፤ እዚህ ላይ ታሪኩ ከካልጋሪ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በካልጋሪ ከሚገኘው የሃይውድ የይሖዋ ምሥክሮች ጉባኤ የተባረረ ሰው ባቀረበው ክስ ላይ፣ ፍርድ ቤት በፈቃደኝነት በተመሠረተ ማኅበር የውስጥ ውሳኔ የሚገባው የሚያስከብረው ሕጋዊ መብት፣ ለምሳሌ ውል ወይም ንብረት፣ ሲኖር ብቻ ነው ሲል ወሰነ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት በቶሮንቶ ከምትገኘው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የቅድስት ማርያም ካቴድራል የታገዱ አምስት ምእመናን ባነሡት ጉዳይ ተመሳሳይ መንገድ ተከተለ፤ የአባልነት ቅጽ መሙላትና አስተዋጽኦ መክፈል ብቻውን በፍርድ ቤት የሚያስከብር ውል አይፈጥርም አለ። ሁለቱንም ፍርዶች የጻፉት ዳኛ ማልኮም ሮው ናቸው። የሁለተኛው ፍርድ መልእክት ለኢትዮጵያውያን ማኅበራት በግልጽ የተጻፈ ያህል ነው፤ በደንባችሁ ያላሠፈራችሁትን ዳኛ አይፈጥርላችሁም። ባለፉት ዓመታት በአገር ቤት ፖለቲካ ምክንያት ለሁለት ያልተሰነጠቀ ማኅበር ማግኘት ቀላል አይደለም። ሲሰነጠቅ መጀመሪያ የሚጠፋው የአባላት ዝርዝርና የድረ ገጹ የይለፍ ቃል ነው። የባንክ ሒሳቡን ባንኩ ያግደዋል፤ አዳራሹን ባለቤቱ ይቆልፈዋል። አካውንቱ ግን ይለፍ ቃሉን ከሚያውቀው ወገን ጋር ይሄዳል፤ ያ ወገን ደግሞ በማግስቱ «እኛ ነን ማኅበሩ» ብሎ ለሁሉም አባል መልእክት ይልካል። የአካውንቱን ባለቤትነት የሚጠቅስ አንቀጽ ከሌለ ሌላው ወገን ይዞት የሚሟገትበት ሰነድ የለውም።

ሕጉ የተወው ሦስተኛው አቅጣጫ የአባላት ግላዊነት ነው። የአልበርታ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ከ2004 ጀምሮ ይሠራል፤ ከ2010 ጀምሮም ጉልህ ጉዳት የሚያስከትል የመረጃ ማፈትለክ ሲከሰት ድርጅቶች እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። በሶሳይቲስ አክት የተቋቋሙ ለትርፍ ያልቆሙ ማኅበራትን ግን የሚመለከተው የንግድ ሥራ ሲሠሩ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሱቅ የደንበኞቹ ዝርዝር ቢያፈተልክበት ይጠየቃል፤ የሦስት መቶ ቤተሰብ ዝርዝር የያዘ ዕድር ግን በአብዛኛው ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። የክፍለ ግዛቱ የመረጃና የግላዊነት ኮሚሽነር ቢሮ ይህ ልዩነት እንዲቀር ደጋግሞ ጠይቋል። የካልጋሪ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ለአዲስ አበባው ባለሥልጣን ከሚያቀርቡት ትችት ጋር ለኤድመንተኑም ምክር ቤት አንድ ደብዳቤ ቢጽፉ ሚዛን የሚደፋው ይህኛው ሊሆን ይችላል፤ ድምፃቸው የሚቆጠረው እዚያ ነውና።

የዕድር ዝርዝር ማፈትለክ ምን ያህል ያስፈራል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። መልሱ በፋይሉ ውስጥ ባለው ነገር ይወሰናል። በካናዳ አምስት ዜጎች ወይም ቋሚ ነዋሪዎች ተባብረው አንድን ስደተኛ የሚያስመጡበት መንገድ ብዙ ኢትዮጵያውያንን ከናይሮቢ፣ ከካምፓላና ከካርቱም አድርሷል። ኢሚግሬሽን ከኖቬምበር 2024 መጨረሻ ጀምሮ ለዚህ መንገድ አዲስ ማመልከቻ መቀበሉን አቋርጧል፤ የተጠራቀሙት ማኅደሮች ግን በየሰዉ ድራይቭ ውስጥ አሉ። ማኅደሩ የፓስፖርት ምስል ብቻ አይይዝም፤ ስደተኛው ለምን እንደሸሸ፣ ማን እንዳሰረው፣ በአገር ቤት የቀሩት ዘመዶቹ እነማን እንደሆኑ የሚተርክ ጽሑፍ ይይዛል። ይህ ጽሑፍ «ሊንኩ ያለው ሁሉ» እንዲያየው ክፍት ሆኖ ሦስት ዓመት የቆየበት ማኅደር ቁጥር ሊቆጠር አይችልም፤ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ተመልሶ የሚዘጋው ሰው የለማ።

ፍርሃቱም ምናብ አይደለም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ባወጣው ዘገባ በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ሳይበርቢት በተባለ የእስራኤል ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር ዒላማ መደረጋቸውን በማስረጃ አሳይቷል። ዘዴው ረቂቅ አልነበረም፤ የሚያጓጓ ቪዲዮ ያለው የሚመስል ኢሜይል ይመጣል፣ ቪዲዮውን ለማየት የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ ጫን ይላል፣ የተጫነው ግን ሌላ ነው። በአንድ ሰው ኮምፒውተር የገባ እንግዳ ያ ሰው በተጋራው ማኅደር ሁሉ ውስጥ ተቀመጠ ማለት ነው። የስምንት ሰው ኮሚቴ ጥንካሬ የሚለካው ከስምንቱ በጣም ቸልተኛ በሆነው ነው። ትልልቅ ተቋማትም ከዚህ አላመለጡም። የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በሜይ 2016 ፋይሎቹን በቆለፈ ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ተመትቶ 20,000 የካናዳ ዶላር ከፍሏል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በዚህና በሌሎች ጥቃቶች ሁለት ኢራናውያንን ከስሷል። የራሱ የደኅንነት ባለሙያዎች ያሉት ዩኒቨርሲቲ ይህ ከደረሰበት፣ በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ጸሐፊ አይደርስብኝም የሚልበት ምክንያት የለውም።

ሌላው ነገር የክላውድ አገልግሎት ሁልጊዜ መስመር አለ ብሎ የሚያስብ መሆኑ ነው። ከካልጋሪ ሆነው ከባሕር ዳር ወይም ከጎንደር ጋር በትምህርት ቤትና በጤና ፕሮጀክት የሚሠሩ ማኅበራት ከኦገስት 2023 እስከ 2024 አጋማሽ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የጋራ ማኅደራቸው ለአንዱ ወገን ብቻ የሚከፈት ሆኖ ነበር። በትግራይ የነበረው መቋረጥ ከዚህም የረዘመና የከፋ ነበር። እንዲህ ባለው አገር ላይ ለሚሠራ ሰው በኮምፒውተርና በውጫዊ ዲስክ ላይ የተቀመጠ፣ ቀኑ የተጻፈበት ቅጂ የድሮ ሰው ልማድ አይደለም፤ የሥራው አካል ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አብዛኛው መፍትሔ ገንዘብ አይጠይቅም። ጉግል ብቁ ለሆኑ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች የሥራ አካውንቱን በነጻ ይሰጣል፤ በዚያ ውስጥ ያለው የጋራ ድራይቭ ፋይሉን ከግለሰቡ ይልቅ ለድርጅቱ ያደርገዋል፤ ጸሐፊው ሲሰናበት ፋይሉ ይቀራል። ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ሰብሳቢ በሹመታቸው ስም የኢሜይል አድራሻ ይኖራቸዋል፤ ሹሙ ሲለወጥ አድራሻው አይለወጥም። ገንዘብ ያዡ የሒሳቡን ማኅደር ይከፍታል፤ የወጣቶች ክፍል ኃላፊ አይከፍተውም። የስደተኞቹ ማኅደር በስም ለተፈቀደላቸው ብቻ ይሆናል። ሁሉም በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይገባል። በነጻ የሚገኝ ነገር ግን ነጻ ሆኖ እንደሚኖር ማመን አይገባም፤ ማይክሮሶፍት ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች በነጻ ይሰጠው የነበረውን የቢዝነስ ፕሪሚየም ፈቃድ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ማቋረጡ ይህን አሳይቷል። አገልግሎት ሰጪው ሐሳቡን ሲለውጥ ይዞት የሚወጣው የራሱ ቅጂ ያለው ማኅበር አይደናገጥም።

ከገንዘብ ይልቅ ከባዱ ሌላ ነው። ፈቃድ መከልከል በኢትዮጵያውያን ዘንድ ሰውን አለማመን ተደርጎ ይወሰዳል። ለሃያ ዓመት ማኅበሩን ያገለገሉ አባት «እኔ ነኝ የማልገባው?» ሲሉ መልስ መስጠት ያስቸግራል፤ ወጣቱ ጸሐፊም ይህን ፈርቶ ሁሉንም ለሁሉም ይከፍተዋል። እዚህ ላይ ክርክሩን ወደ ቴክኖሎጂ መውሰድ አይጠቅምም። እኚሁ አባት የሙዳየ ምጽዋቱን ቁልፍ ብቻቸውን ቢሰጧቸው አይቀበሉም፤ ከእርሳቸው ጋር ሌላ ሰው እንዲኖር ራሳቸው ይጠይቃሉ። የአካውንቱም አስተዳዳሪ ሁለት ሰው መሆን ያለበት በዚሁ ምክንያት ነው፤ እንዲህ ሲነገራቸው ከማንም በፊት የሚረዱትም እርሳቸው ናቸው።

ማኅበሩ አዲስ ኮሚቴ ሲመርጥ ባንኩ ፈራሚዎችን የሚለውጠው ቃለ ጉባኤ ሲቀርብለት ነው፤ ስለዚህ ቃለ ጉባኤው ሳይዘገይ ይጻፋል። ጉግልና ማይክሮሶፍት እንዲህ ያለ ወረቀት አይጠይቁም፤ ስለዚህም አይጻፍም። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ፣ የፈራሚዎቹ ስም በሚሠፍርበት በዚያው ገጽ ላይ፣ የማኅበሩ አካውንት በማን ስም እንደሆነ፣ ሁለቱ አስተዳዳሪዎች እነማን እንደሆኑና ቅጂው የት እንደተቀመጠ የሚገልጽ አንድ አንቀጽ ቢጨመር ሰብሳቢውን ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድበትም። ከዚያ በፊት ግን የቀድሞው ጸሐፊ ስልክ ተፈልጎ መደወል ይኖርበታል።